ቀን ያጣ ሠርግ

እዚህ እስራኤል የሠርግ ቀን የሚቆረጠው በሙሽራዋ ደም ነው። አዳራሹ ክፍት ይሁን አይሁን፣ ዘመድ ይመቸው አይመቸው፣ ይህ ሁሉ ኋላ የሚታይ ነው። አስቀድሞ ሙሽራዋ የወር አበባዋ መቼ እንደሚመጣ ትጠየቃለች፤ በሠርጓ ዕለት ንጹሕ እንድትሆን ተሰልቶ ቀኑ ይቆረጣል። እኛ ከጎንደር ገጠር የመጣን አይሁዶች በዚህ አንገረምም። በእኛ አገር የሴት ደም የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ስታቭ ልታገባ ስትል፣ እህቴ ምንይሹና እኔ ግራና ቀኝ ይዘናት ሙሽሮችን ወደምታስተምረው ሴት ሄድን። ቬሬድ ትባላለች፤ ቢሮዋ አፉላ መሀል ከተማ ከአንድ ባንክ በላይ ነው። ጥሩ ሴት ናት። ብስኩት አቀረበችልን፣ ልጅቷን መረቀቻት፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«በይ ማሚ፣ መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» አለቻት ስታቭን።

ስታቭ ብስኩቱን በጣቶቿ ታገላብጠው ጀመር። አልበላችውም። «አሁን አይመጣም» አለች።

«አይመጣም ማለት?»

«ቆሟል። ጥቂት ወር ሆነው።»

የእህቴ ዕብራይስጥ ለገበያ ያህል ብቻ ነው፤ ይህች ግን አላመለጠቻትም። ፊቷ አመድ መሰለ። «ታዲያ በየወሩ ሚርፔሴት ላይ ምን ትሠሪ ኖረሻል?» ብላ በአማርኛ ጮኸችባት።

ሚርፔሴት የሚሉት በረንዳውን ነው፤ የእህቴን በረንዳ ነገር ላስረዳ። በአገራችን ደም ያየች ሴት ከመንደሩ ዳር ወዳለው የመርገም ጎጆ ትወጣ ነበር። ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ ነው። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ለእናቴ ምግብ ይዤ ሄጄ ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጬላት እመለሳለሁ። እስራኤል ስንገባ ጎጆው ቀረ። አብዛኞቻችን ነገሩን ተውነው፣ ምንይሹ ግን አልተወችም። አፉላ ኢሊት፣ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ባለው አፓርታማዋ በረንዳውን በመስታወት ዘግታ፣ ታጣፊ አልጋ ዘርግታ፣ ሳህንና ብርጭቆ ለይታ አስቀመጠች። ሴት ልጇ ደም ባየች ቁጥር እዚያ ትተኛለች፣ ምግቧም በር ላይ ይቀመጥላታል። ስታቭ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ ትስቅባት ነበር። ቢሆንም ለሰላም ብላ ትወጣ ነበር። በየወሩ ትወጣ ነበር። ባለፈው ወርም ወጥታለች።

ቬሬድ የእናትና የልጅ ነገር መሆኑ ገብቷት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ሐኪም ይያት፣ ቀኑን ከዚያ እንቆርጣለን» አለችን። ወደ ላይ በሚወጣው አውቶቡስ ስንመለስ እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቀረች።

ቤት ስንገባ ነው የፈነዳችው። ደሟ የቆመ ሴት ብዙ ምክንያት ሊኖራት ይችላል፣ ደሟ ቆሞ እንዳልቆመ የምታስመስል ሴት ግን ምክንያቷ አንድ ብቻ ነው፤ የእህቴ ስሌት ይህ ነበር። ስታቭ ምላ ተገዘተች። ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዝታ መጥታ፣ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት፤ እርግዝና የለም ይላል።

«እኔን ፕላስቲክ ነው የሚነግረኝ?» አለች ምንይሹ።

«ኢማ፣ በሕይወቴ ማንም አልነካኝም!» አለች ስታቭ፤ ኢማ የምትለው እናቷን ነው።

«እሱንስ ለምን ትዋሻለሽ? እጮኛሽ ነው። ቸኮላችሁ፣ በቃ፣ ቸኮላችሁ።»

ልብ በሉ፣ እህቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇ ያረገዘችው ከእጮኛዋ ከዮሃይ ነው ብላ ነው ያመነችው። ሆዷ ሳይገፋ ሠርጉን ማፋጠን ነው የፈለገችው። እኔን ብታማክረኝ እግሯን ይዤ ባስቀረኋት ነበር። አላማከረችኝም። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወደ አማቾቹ ቤት ሄደች።

የዮሃይ እናት አበባ ትባላለች፤ ንግግሯ ለስላሳ ነው፣ ሰው ስታቆስል እንኳ እየዳበሰች ነው። ምንይሹ እዚያ ቤት ተቀምጣ «ልጆቹ ቸኩለዋልና እኛም እንቸኩል» አለች። አበባ ልጇን ከክፍሉ ጠራችው። ዮሃይ ኪፓ የሚባለው የአይሁድ ቆብ ከራሱ የማይለየው፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው፤ የስታቭን እጅ እንኳ በሰው ፊት አይዝም ነበር። በእናቱ ራስ ማለ። አልነካኋትም አለ።

«ታዲያ ከማን ነው?» አለች አበባ። በዝግታ፣ እየዳበሰች።

ያቺ ጥያቄ ከዚያ ቤት እስክትወጣ አልዘገየችም። መልሱም አብሮ ተገኘ፤ ጁዶው።

ስታቭ ከልጅነቷ ጀምሮ ጁዶ ትታገላለች። በክብደቷ የሚመጥናት ሴት ክለቡ ውስጥ ስላልነበረች ከወንዶች ጋር ነው የምትለማመደው። በቀለበቱ ዕለት ጓደኞቿ ቪዲዮ አሳይተው ነበር፤ እኛ አጨበጨብን። አበባም አጨብጭባ ነበር። አሁን ግን ያ ቪዲዮ ሌላ ሆነ። «አንድ ጎረምሳ ላይዋ ተጋድሞ፣ እግሩን በእግሯ አቆላልፎ!» እየተባለ ወሬው በየሕንፃው ከደረጃ ደረጃ ወረደ። ስታቭ ያንን ጎረምሳ ገልብጣ ጥላ ማሸነፏን የሚያወራ ግን አላጋጠመኝም።

ዮሃይ ለጥቂት ጊዜ አንገናኝ ብሎ በስልክ ጻፈላት። ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ እኔ ቤት መጣች።

እኔ ልጅ የለኝም። ባል ነበረኝ፣ ልጅ ስላጣ ሄደ። በዚህ ከተማ ሰው የሴት ሆድ እያየ ምን እንደሚያስብ የሚያስተምረኝ አያስፈልግም። ስለዚህ አልጮህኩባትም። ሾርባ ሠርቼ ፊቷ አስቀመጥኩና በረንዳ ላይ ምን ትሠሪ እንደነበር ንገሪኝ አልኳት።

«አልበላም ነበር፣ ዶዳ» አለችኝ።

ዶዳ ማለት አክስት ማለት ነው። ነገሩን በዕብራይስጥና በአማርኛ እየቀላቀለች ነገረችኝ። አሠልጣኟ ሃይም ከተፈጥሮ ክብደቷ ዝቅ ባለው ምድብ እንድትወዳደር ይፈልጋል፤ ሜዳልያ የሚገኘው እዚያ ነው ይላል። ጠዋት ሩጫ፣ ከሰዓት ብረት ማንሳት፣ ማታ ትግል። ውድድር በቀረበ ቁጥር ደግሞ ምግቡም ውኃውም ይቀነሳል። ቤት ውስጥ እናቷ ካልጎረስሽ ብላ አናቷ ላይ ትቆማለች። በረንዳው ላይ ግን ማንም አይመጣባትም፤ ምግቡ በር ላይ ይቀመጣል፣ ባዶ ሳህን ይመለሳል። ዶሮውን፣ ሩዙን፣ ሁሉንም በመስኮት ለሠፈሩ ድመቶች ትወረውረው ነበር።

«ደሙ ከቆመ ቆይቷል፤ ከዓመት አልፎታል። እዚያ ጥቂት ወር ያልኩት ፈርቼ ነው። በየወሩ አንድ ውድድር አይጠፋም፤ ያኔ በረንዳ እወጣለሁ። ለኢማ መጣብኝ እላታለሁ። እዚያ ማንም አያየኝም።»

እህቴ ልጇን ለማንጻት ያበጀችው ቦታ ልጇ የምትራብበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። 

«ደምሽ ሲቆም ለማን ነገርሽ?»

«ለሃይም። ጥሩ ምልክት ነው አለኝ። የጎበዞቹ ሁሉ ይቆማል አለኝ።»

ሾርባውን አጋመሰችው። ቀሪውን በኋላ እበላለሁ ብላ ሸፈነችው።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ዶክተር ኢላና የምትባል፣ ነገር የማታለሰልስ ሴት ናት። የደም ምርመራ አዘዘች፣ የአጥንት ምርመራ አዘዘች፤ ውጤቱ ሲመጣ እናትየውንም ይዘሽ ነይ አለችኝ። እህቴን ጎትቼ ነው የወሰድኳት። ስታቭ በመካከላችን ተቀመጠች።

ዶክተር ኢላና ተናገረች፣ እኔ ለእህቴ ተረጎምኩ። እርግዝና የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ማሕፀኗም እንቁላል የሚያፈራው ክፍልም ጤነኛ ናቸው። ችግሩ ያለው ትእዛዝ ከሚሰጠው ከአንጎሏ ነው። ልጅቷ የምትበላው ለልምምዱ እንኳ አይበቃም። በዚያ ላይ የውድድሩ ጭንቀት አለ። አንጎል ይህን ሲያይ ጊዜው ክፉ ነው ብሎ ይደመድማል፣ በክፉ ጊዜ ደግሞ ልጅ አይወለድም፤ ስለዚህ ወደ እንቁላሉ የሚልከውን መልእክት ያቆማል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል። እሱ ሲወርድ ወር አበባው ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ አጥንትም ይሳሳል። የስታቭ አጥንት ገና በዚህ ዕድሜዋ የባልቴት አጥንት ነው የሚመስለው። ጡንቻዬ ነው እያለች እግሯን ሲያማት የከረመውም ጡንቻ አልነበረም፣ አጥንቷ ተሰንጥቆ ነው።

እህቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሱዳን» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «ሰንበቱ፣ ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ እኮ እንዲህ ነበር። ትልልቆቹ ሴቶች አንዳቸውም ደም አያዩም ነበር። የሚለዩበት ቦታ ብናጣም የምትለይ ሴት አልነበረችም። ረሃቡ ነው ይሉ ነበር። እኔ ይኸን አውቅ ነበር!» ወደ ልጇ ዞረች። «ፍሪጁ ሙሉ ነው እኮ። ፍሪጁ ሙሉ ሆኖ ተራብሽብኝ?»

 እናቷ ራሷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛት አለቀሰች፤ ዶክተሯ እስኪበቃቸው ጠበቀች።

መድኃኒቱ ቀላልም ከባድም ነበር። ምግብ፣ ዕረፍት፣ ጭንቀት መቀነስ። ትግሉ ለጊዜው ይቅር። ደሙ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «በአብዛኛው ይመለሳል» አለች ዶክተሯ። «መቼ እንደሆነ ቃል አልገባም። ብቻ አታስጨንቋት፤ ጭንቀት ራሱ ያቆመዋል።»

በዚያው ሳምንት ወደ ክለቡ ሄድኩ። ሃይም በትህትና ተቀበለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ስታቭ ተስፋ፣ ስለ ብሔራዊ ቡድን አወራኝ። የምርመራውን ነገር ስነግረው እጁን ዘረጋ።

«እኔ አሠልጣኝ ነኝ፣ የሴቶች ሐኪም አይደለሁም።»

«ታዲያ ደሟ ሲቆም ጥሩ ምልክት ነው ያልካት በየትኛው ሙያህ ነው?» አልኩት።

ስልኩ ጠራለትና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። በመስኮቱ በኩል አየሁት፤ አንዲት አሥራ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ሚዛን ላይ አቁሞ ቁጥሩን ሊያነብ አጎነበሰ። ወጥቼ ለልጅቷ እናት ልነግር ፈለግኩ፤ እናቷ ማን እንደሆነች የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

አሁን የቀረው የልጅቷን ስም ማጽዳት ነበር። የእህቴ ባል፣ እንዳለው የሚባለው የስታቭ አባት፣ ሽማግሌ ላከና ሁለቱ ቤተሰቦች በእህቴ ቤት ተቀመጥን። አበባና ባሏ ይሄይስ መጡ፣ ዮሃይም መጣ። ሽማግሌው አባ ውበቱ መካከል ላይ ተቀመጡ። ስታቭ እናቷ አጠገብ ነበረች፤ ዮሃይን አይታ ፊቷ በራ። ከዚያ ሁሉ በኋላም በራ። እኔ ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደምትወደው የገባኝ።

ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። እርግዝና አልነበረም፣ ልጅቷ ንጽሕት ናት አልኩ። ይሄይስ ተነሥቶ የእንዳለውን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። አበባ ስታቭን አገላብጣ ሳመቻት፣ «አፌን በቆረጠው!» እያለች። ምንይሹ እልል ለማለት አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ አበባ ተመልሳ ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲህ እንጠይቅ እንጂ፣ ነውር የለውም። ልጄ ደም ካላየች ትወልዳለች ወይ?»

«ሐኪሟ ይመለሳል ብላለች» አልኩ።

«መቼ አለችሽ እቴ?»

«መቼ እንደሆነ አይታወቅም።»

 የሰውን ሁሉ ሐሳብ ከፊቱ ማንበብ ይቻል ነበር። ቀደም ሲል አርግዘሻል ብለው ሊጥሏት የነበሩ ሰዎች አሁን ማርገዝ አትችይ ይሆናል ብለው ሊጥሏት ነው።

አባ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማንም እንቢ አላለም። ልጅቷ ትታከም፣ ትጠንክር። ደሟ ሲመለስ ያን ጊዜ ቀን እንቆርጣለን። ቤሴደር? ተስማማን?»

«አንቱ አባቴ» አልኳቸው፣ «ደሙ ካልተመለሰስ? ዮሃይስ ተመርምሯል? የሱን ማን ቆጠረ?»

«አንቺ ዝም በይ፣ የወለደ ሰው ይናገር» አለች አበባ፤ በለስላሳው ድምፅዋ።

 ዮሃይን አየሁት። ሁሉም አየው። አንድ ቃል ብቻ ከአፉ ቢወጣ፣ ‹እኔ እንዳለች እወስዳታለሁ› ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። «ኢማ እንዳለችው ትንሽ እንጠብቅ» አለ። ስታቭ ይህንንም በፍቅር ተረጎመችው። እጠብቃለሁ አለ እኮ ዶዳ፣ አልሄደም እኮ፣ አለችኝ በማግስቱ።

መጠበቁ ተጀመረ። ስታቭ ትግሉን ተወች። የለመደችው አካል ከላይዋ ሲሟሟ፣ ሱሪዋ ሲጠብ በመስተዋት እያየች ታለቅስ ነበር፤ ቢሆንም በላች። ለአጥንቷ ሳይሆን ለዮሃይ ብላ እንደበላች አውቃለሁ፤ ምንስ ይሁን ብቻ ትብላ አልኩ። አበባ ግን በየሳምንቱ ትደውላለች። «አትጨነቂ የኔ ልጅ። መጣ ወይ?» ምንይሹ በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ትጠይቃለች። ምኵራብ ውስጥ የማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ «የእህትሽ ልጅ እንዴት ሆነች?» ይሉኛል፤ ምንዋን እንደሚጠይቁ ይገባኛል። ሐኪሟ አታስጨንቋት ብላለች፤ ሰው ሁሉ አትጨነቂ እያለ ያስጨንቃታል።

ክረምቱ አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። አንድ ዓርብ ጠዋት ስታቭ የኔን በር አንኳኳች፤ ፊቷን አይቼ ገባኝ። መጥቷል። ተቃቅፈን እንደ ሞኝ ሳቅን።

«ለእናትሽ ነገርሽ?»

«አልነገርኩም። መጀመሪያ ለዮሃይ። በስልክ አይሆንም፣ በፊቱ ነው የምነግረው። ነይ አብረሽኝ ሂጂ፣ ፈራሁ።»

ዮሃይ ሥራው ሃይፋ ነው፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በአውቶቡስ ይመለሳል። ማዕከላዊ ጣቢያው ለሰንበት በሚጣደፍ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ ቦርሳ የተሸከመ ወታደር፣ ተማሪ፣ እቅፍ አበባ የያዘ ሠራተኛ። ስታቭ ጠጉሯን ደጋግማ ትነካካለች። ዮሃይ ከአውቶቡሱ ሲወርድ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ መስማት የማይቻል ያህል ግን አልራቅኩም።

«ዮሃይ፣ መጣ። ዛሬ ጠዋት» አለችው።

«ማ፣ ባእሜት? እውነትሽን ነው?» አለ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። እጁንም ዘረጋ፤ የሚያቅፋት መስሎኝ ነበር። እጁ ግን ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ ነው የሄደው። በዚያው ቆሞ ደወለ።

«ኢማ፣ ስሚ፣ ስታቭ መጣላት! አዎ፣ ዛሬ! አይ፣ እርግጠኛ ናት...» ስልኩን ከጆሮው አራቅ አደረገና ስታቭን ጠየቃት። «ብዙ ነው ወይ፣ ወይስ ትንሽ ነው? ኢማ ናት የምትጠይቅ።»

አጠገባቸው የቆመው ወታደር ቀና ብሎ አያቸው።  ስታቭ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሣ፣ ገና ዛሬ የምታውቀው ሰው ይመስል አየችው። እስከዚያ ቀን እንዲያ ሲመረምሯት የኖሩት እሷን ነበር።

«ያዢ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልትልሽ ነው» ብሎ ስልኩን ሰጣት። የአበባ እልልታ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

ስታቭ ተቀበለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ያን ቀን ግን አልተሰናከለችም። «አዎ፣ መጣ። ቀን ግን አትቁረጡ። ልጅሽን እዚህ ጣቢያ ላይ ትቼልሻለሁ፣ መጥተሽ ውሰጂው።»

ስልኩን ዘግታ በእጁ አስቀመጠችለት። ዮሃይ «ምን ሆነሻል? ምን አደረግኩ?» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚጠይቀው፣ አልገባውም። ስልኩ መልሶ ጠራ፤ እናቱ ናት። አነሣው።

ወደ አፉላ ኢሊት የሚወጣው አውቶቡስ መጥቶ ስለነበር ገባን። ከኋላ ቦታ አገኘን። ስታቭ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

«ያምሻል?» አልኳት።

«ያመኛል» አለች። አውቶቡሱ ተነሥቶ አቀበቱን ጀመረ። ከዚያ እንባዋ ወረደ። «ዶዳ፣ እወደው ነበር እኮ።»